የመጨረሻዋ ሰባት

አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ ቢረጋገጥ ይበቃል ትላላችሁ? እኔ ሦስት ጊዜ አረጋግጣለሁ። ከዚያም በኋላ ልቤ አያርፍም።

ያን ጊዜ ጣሊያኖቹ ካዛንቺስ ላይ ለሹሞቻቸው ቤት ያሠሩ ነበር። እኔ የግድግዳውን ልኬት እጽፋለሁ። በሰፈራችን፣ ከቂርቆስ ዝቅ ብሎ፣ የፈረንጅ አሃዝ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች እጥፋቱ የተበላ ወረቀት ይዘው መጡ። የታሰረው ልጃቸው የታደሰ ቁጥር ነው። እስር ቤቱ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ይቀበላል፤ ስም ግን አይጠራም፣ በቁጥር ነው። አገልግሉ ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ። እንዳለ ከተመለሰ ማንም አይጠይቅም።

በእንጨት ቁራጭ ላይ 142857 ብዬ ጻፍኩና አገልግሉ ላይ አሰርኩላቸው።

ታዲያ ሥራ ፈትቼ ቁጥሩን በሁለት ባባዛው 285714 ሆነ። በሦስት፣ 428571። እስቲ እዩት፣ ያው አሃዞች ናቸው! አንዱም አልጎደለም፣ ቦታ ብቻ ነው የሚለዋወጡት። ይህንኑ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ዞሮ ዞሮ ይመጣልኛላ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ የሳምንቱን ብዜት ይጠይቁኝ ጀመር። እስከ ስድስተኛው ድረስ ደህና ሄደ። በሰባት ሳባዛው 999999 ሆነ። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ ያው ነው። የስም ፊደል ቆጥረው ዕጣ ፈንታ በሚናገሩ ሰዎች የምስቅ እኔ፣ እትዬ ዘነበች ቤት ሮጥኩ። ዛሬ ቢቀሩስ አልኳቸው፣ ምክንያቱንም ተናገርኩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ታደሰ ሽሮውን አባዝቶ ነው እንዴ የሚበላው?»

ሄዱ። አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ።

በሳምንቱ ታደሰ ራሱ ተፈቶ መጣ፣ አጥንቱ ቀርቶ። ስንቁ ይደርስህ ነበር ወይ አልኩት።

«የምን ስንቅ? ለእኔ አንድም ቀን አልመጣም። አጠገቤ የሚተኛ የሩቅ አገር ሽማግሌ ነበር፣ ዓርብ ዓርብ የሚመጣለት ለእሱ ነው። ዘመድ የለኝም፣ ማን እንደሚልክልኝም አላውቅም እያለ ያካፍለኝ ነበር። ሽሮው የእማዬን ይመስላል እያልኩ እበላለሁ።»

ቁጥሩን አሳየኝ፦ 142851። እጥፋቱ ላይ የደበዘዘችውን አንድ፣ ሰባት ብዬ ነበር ያነበብኳት፤ 142857 ለካ የሽማግሌው ቁጥር ኖሯል። ብዜቱን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ያረጋገጥኩ ሰው፣ ዋናውን ቁጥር መለስ ብዬ አላየሁትም። የታደሰን ቁጥር በሁለት አባዛሁት፤ 285702። ምንም የሚዞር ነገር የለውም።

አንገቴን ደፍቼ ለእትዬ ዘነበች ተናዘዝኩ።

ዓርብ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አገልግሉን አንጠልጥለዋል። የተሳሳትኩባትን እንጨት ልፈታ እጄን ስዘረጋ አገልግሉን ወደ ኋላቸው ሸሸጉት።

«ተው፣ እንዳትነካው» አሉ። «ታደሰ ወጣ እንጂ ቁጥሩ መች ወጣ?»