ብቃት እና በቃ

ካዛንቺስ ውስጥ «በቃ» የማትገባበት ወሬ ያለ አይመስለኝም። «በቃ እየመጣሁ ነው» የሚል ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም። «በቃ ደርሰናል» የሚል የታክሲ ረዳት ገና ስታዲየም ጋ ነው። እናንተም ትሏታላችሁ፤ ብዙ ባልናገርም እኔም እላታለሁ። ማንንም ጎድታ አታውቅም ነበር፤ እትዬ ዘነቡን እስክታገኝ ድረስ።

እትዬ ዘነቡ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ በር ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው በነጻ ያገለግላሉ፤ ካርድ ክፍል የጠፋበትን ሁሉ እጁን ይዘው ያደርሱታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው ሬዲዮ ብቻ ነው። ስለዚህ «የበጎ ፈቃደኛ አረጋውያን የብቃት ምዘና» ተብሎ ሲለጠፍ ምሳ አልበላ አላቸው። እኔ ስምንተኛን በጭንቅ ያለፍኩ ብሆንም «አንቺ ታነቢልኛለሽ» ብለው ይዘውኝ ገቡ።

መዛኙ ታብሌት የያዘ ትሁት ልጅ ነው።

«ማዘር፣ በቃ ይቀመጡ» አለ።

እትዬ ዘነቡ እኔን አዩኝ።

«አስቸጋሪ ሰው ሲገጥምዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እንዳሁኑ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።»

ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ። «እሺ፣ በቃ። ለራስዎ ከአምስት ስንት ይሰጣሉ?»

«ለራስ መስጠትማ ነውር ነው። አንድ በል።»

«በቃ ማዘር፣ በቃ ጨርሰናል!»

ተነሱ። ሰደርያቸውን አወለቁና እንደ ነጠላ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አራት ጊዜ አልከኝ እኮ፤ አንዴም ይገባኝ ነበር» አሉ።

ልጁ ሰደርያውን አየ፣ ታብሌቱን አየ። ለሰደርያ የሚሆን ቁጥር የለውም። እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው በልቤ ነው። እሳቸው ግን በሩ ጋ ደርሰዋል።

«እትዬ፣ በቃ አላለዎትም!» ብዬ ጮህኩ። «ማለቴ፣ ብሏል። ግን ዝም ብሎ ነው። የሚመዝነው ብቃት ነው!»

«በቃ ይቅርታ ማዘር!» አለ ልጁ።

ሰደርያቸውን መልሰው ለበሱ። ልጁ ተሰናብቶን ሲወጣ ክትባት ክፍል ገባ፤ እጁን ይዘው መውጫው ድረስ ሸኙት።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። አነበብኩላቸው፦ «አቅጣጫ ማሳየት፣ አምስት። በራስ መተማመን፣ አንድ። ማጠቃለያ፣ ብቁ።»

«ብቁ ማለት ምንድን ነው?»

«ይበቃሉ ማለት ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሰደርያቸውን መፍታት ሲጀምሩ ነው ስምንተኛን እንዴት እንዳለፍኩ እኔም የተጠራጠርኩት።