ክብርት እኅቴና የፒጃማው ግራ እግር

በየቤተሰቡ አንድ፣ ከሱቅ የተገዛ ልብስ ባየ ቁጥር ገልብጦ ስፌቱን የሚመረምር ሰው አለ። ከሌለ ያ ቤተሰብ ገና አልተሟላም። እንዲህ ያለው ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ከሙሽራዋ ፊት በፊት የቀሚሷን ጠርዝ ያያል። በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ "እንዴት ዋልክ?" ከማለቱ አስቀድሞ የአልጋውን አንሶላ በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ "ይሄ ሁለት አጠባ አይችልም" ይላል። "ልግዛ" የሚለውን ቃል ፊቱ የተናገራችሁ ዕለት ደግሞ አለቀላችሁ። "እጅ እያለ?" ብሎ ሜትሩን ከኪሱ ይመዛል።

እኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዘችው ታላቅ እኅቴ ናት። ፊት ለፊት "እትዬ" እንላታለን። በሌለችበት "ክብርት የፒጃማ ሚኒስትር" ናት፤ ከቸኮልን "ክብርት" ብቻ። ሹመቱን የሰጣት ታናሽ ወንድማችን ነው፤ ያጸደቅነው ግን ሁላችንም ነን።

ክብርት በዚህ ዓለም ላይ የምትሰፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፒጃማ ሱሪ። ሸሚዝ ብትጠይቋት "እሱ አንገት አለው" ትላለች፣ አንገት ያለው ነገር ሁሉ ተንኮለኛ ይመስል። ቀሚስ ለእሷ ሱሪ መሆን ያልቻለ ጨርቅ ነው። ፒጃማ ሲሆን ግን ፊቷ ይበራል። ከመጋረጃ ሰፍታለች፣ ከአንሶላ ሰፍታለች፣ ከጠረጴዛ ልብስ ሰፍታለች። አንዴ ከተሰበረ ጃንጥላ ሰፍታ ለባሏ አልብሳዋለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የተሳፋሪ ጩኸት የቻለ ሰው ስለሆነ ጃንጥላውንም ቻለ። ሲራመድ ይንኮሻኮሻል፤ ዝናብ ግን አያስገባም።

ለባለቤቴ የሰፋችላት ዝሆን ያለበት ጨርቅ ነው። ዝሆኖቹ በሙሉ በአናታቸው ተተክለዋል። ባለቤቴ ጉዳዩን በትሕትና ብታነሳ ክብርት ቅር አላላትም። "እኔ የሰፋሁት ለአንቺ ነው ለሚያይሽ? ጎንበስ ብለሽ እይ እስቲ።" ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ከላይ ወደ ታች ለሚያያቸው ዝሆኖቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ክርክሩ እዚያው ተዘጋ። ላስቲኩን የምትጎትትበት መርፌ ቁልፍም አንዳንዴ ወገቡ ውስጥ ይቀራል። ወግቶን ስንጮህ "አገኘኸው?" ትላለች በደስታ።

ሱሪው ካለቀ በኋላ ደግሞ ፈተና አለ። የክብርትን ፈተና ሳያልፍ ሱሪ ይዞ ከዚያ ቤት የወጣ የለም። ተነስ። ተቀመጥ። ቁጢጥ በል። አንድ እግርህን ብስክሌት እንደሚወጣ ሰው አንሳ። ተንበርከክ፤ "ሳትጸልይ ልትተኛ ነው እንዴ?" ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ወገባችሁን በመዳፏ መታ ታደርግና የመጨረሻውን ቃል ትናገራለች። "አሁን እርሳው።" በእሷ ሕግ የፒጃማ ሱሪ የሚስማማው መልበሳችሁን ስትረሱ ነው። ካልረሳችሁት አንድ ቦታ ይዟችኋል ማለት ነው፤ ታወልቃላችሁ፣ እሷም ተርትራ እንደገና ትሰፋለች። "የሱቅ ሱሪ ሰውን አያውቅም" ትላለች እየተረተረች።

እንግዲህ ወደ ችግሩ ልምጣ። የክብርት ሱሪዎች በሙሉ የግራ እግራቸው ወርድ ከቀኙ በአራት ጣት ይበልጣል።

አንዱ ወይም ሁለቱ አይደለም፤ ሁሉም። ባሏ ግራውን ካልሲው ውስጥ ይከታል። ታናሽ ወንድማችን ደረጃ ሲወርድ እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጎ ይይዘዋል። እኔ ደግሞ፣ መቼም ከእግዚአብሔር የሚሰወር የለምና ልናገር፣ ከሱቅ ሌላ ገዝቼ የእሷን አሥራ አንድ ሱሪ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ደብቄያለሁ። ስትጠይቀኝ "ከእሱ ሌላ ለብሼ መተኛት አልችልም" እላታለሁ። ስለዚህ ውሸት አምላኬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እኅቴን ግን አልደፈርኩም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ወረቀት መቁረጥ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው፤ የተረፈውን ያስተማረኝ ጥራዝ የሚጠብቅ ወረቀት ነው፤ ከመቁረጤ በፊት አነበዋለሁ። እና ድርብ ነገር ሲቆረጥ የታችኛው እንደሚንሸራተት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ክብርት ጨርቁን አጥፋ ስትቆርጥ የታችኛው ይሸሻታል፤ በቃ። ስትቆርጥ አይቻት ግን አላውቅም። በሯን ትዘጋለች። "እያወሩበት መቀስ ይጣመማል" ትላለች።

ነገሩ የቤተሰብ ምስጢር ሆኖ በኖረ ነበር፤ የሰፈሩ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ፣ ሲስተሯ፣ አንድ ቀን ባታገኛት ኖሮ። ሲስተሯ ለአረጋውያኑ ሃያ አራት የፒጃማ ሱሪ እንድትሰፋላት ለመነቻት፤ ሁለት ጣቃ ጨርቅም ላከችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብርት ሌላ ሰው ሆነች። የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀባች። የመነጽሯን ገመድ ቀየረች። ለባለቤቴ ደግሞ አንድ ነገር ብላት ነበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ በሕይወቷ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሱሪ ስፊልኝ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑን።

እኛ ደነገጥን። እሷ በሌለችበት እኛ ቤት ተሰበሰብን። ታናሽ ወንድማችን አንድ ሽማግሌ በግራው ተጠልፎ ሲወድቅ ተነስቶ በተግባር አሳየን። ባለቤቴ ግን የፈራችው ሌላ ነው። ሃያ አራቱ ተመልሰው ቢመጡ እኅቴ ሁለተኛ መኪናው ላይ አትቀመጥም አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መቁረጥ ሥራህ ስለሆነ ልትነግራት የምትችለው አንተ ነህ ተባለ። ጨርቁን የምትቆርጠው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመቀሷ መቅደም ነበረብኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ልሳኔን እንዲያለዝብልኝ ጸለይኩ። ጨርቁ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለው። መቀሱ በገመድ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ክብርት ትተኩሳለች። እኔም ከሩቅ ጀመርኩ። ስለ ማተሚያ ቤት፣ ስለ ወረቀት ጠባይ፣ የታችኛው እንዴት እንደሚንሸራተት፣ በቅርቡም አንድ የስፌት መጽሐፍ አግኝቼ እንዳነበብኩ አወራሁ። ካውያውን ሸንተረሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገች ሰማችኝ። ስጨርስ ካውያውን አቆመችና መነጽሯን አወለቀች።

"ግራው ይበልጣል ልትለኝ ነው የመጣኸው?"

ዐይኔን ወደ ሰማያዊው ጨርቅ መለስኩ።

"ስንት ሆናችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?"

"አራት።"

"ባሌም ነበረ?"

"እሱ ድምፅ አልሰጠም።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔ እጅ ላይ ጨርቅ አይንሸራተትም" አለችና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ውስጡ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጡ ሁለት ትልልቅ ወረቀቶች ታጥፈዋል፤ ጫፋቸው በፕላስተር ተለጥፎ ተለጥፎ ወፍሯል። አንዱን ዘረጋችው። በእርሳስ "ቀኝ" ይላል። ሁለተኛውን ዘረጋችው። በዚያው እርሳስ፣ በዚያው የልጅነት ጽሑፏ፣ "ግራ፤ ከነጀሶው" ይላል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግድግዳ ስቀባ ከመሰላል ወድቄ ግራ እግሬ ተሰበረ፤ ከጭኔ እስከ ተረከዜ በጀሶ ታሸግሁ። በዚያ ጀሶ ላይ የሚያልፍ ሱሪ ቤት ውስጥ አልተገኘም። አሥራ ስድስት ቀን አንሶላ ሥር ተኛሁ። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ወደ ግድግዳው እዞር ነበር። ግቢ ውጣ፣ አየር ውሰድ ሲሉኝ እንዴት ብዬ? ያኔ እትዬ ከቁልፍ በቀር ምንም ተክላ የማታውቅ ልጅ ናት። የጎረቤት የስፌት መኪና ተውሳ፣ የአባታችንን ሱሪ እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ ተርትራ፣ ሁለት ጊዜ አበላሽታ፣ በሦስተኛው ከወጥ ቤቱ መጋረጃ አንድ ሱሪ አወጣች። አባታችን ሱሪውን ሲፈልግ ምን እንደተባለ አላስታውስም።

ያንን ለብሼ ትከሻዋን ተደግፌ ግቢ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር። ስለዚያ ፀሐይ ስንት ጊዜ አምላኬን አመስግኛለሁ። ስለ ሐኪሙ አመስግኛለሁ፣ ክራንቹን ስላዋሰን ጎረቤት አመስግኛለሁ፣ ስለ መሰላሉም ሳይቀር፤ ከዚያ በላይ ረጅም አልነበረምና። ሱሪው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ወገቤን መታ አድርጋ "አሁን እርሳው" ብላኝ ነበር። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረሳሁት። የክብርትን ፈተና እንደ እኔ ያለፈ ሰው የለም።

ደግሞ የተንሸራተተ ነገር ሁልጊዜ ልክ አራት ጣት አይንሸራተትም። ሃያ ዓመት ወረቀት የቆረጠ ሰው ይህን እንዴት አያስብም?

"ጀሶው እኮ ወለቀ፣ እትዬ" አልኳት። "ለምን አልቀየርሽውም?"

"በዚህ ልክ ሰፍቼለት እግሩ የተሰበረ ሰው ታውቃለህ?"

አሰብኩ። ባሏን አሰብኩ፣ ታናሻችንን ከነደረጃው አሰብኩ፣ የቤቱን ልጆች ሁሉ በየተራ አሰብኩ። አንድም የለም።

"እንግዲህ" አለች።

ግን የተላክሁበት ጉዳይ አለ፤ ሽማግሌዎቹም አሉ። የአረጋውያን እርምጃ አጭር መሆኑን፣ አንዱ እግር ሰፋ ሲል እንደሚጠልፋቸው፣ ሲስተሯም ሁለቱን እግር አነጻጽራ ማየቷ እንደማይቀር እየፈራሁ ነገርኳት። ክብርት አልተቆጣችም። "ቅሬታችሁ እኩል አለመሆኑ ነው?" አለች። አዎ አልኩ። "እኩልማ አደርገዋለሁ" ብላ "ቀኝ" የሚለውን ወረቀት አጥፋ ወደ ቆርቆሮው መለሰችው። "ግራ፤ ከነጀሶው" የሚለውን ጨርቁ ላይ አነጠፈች። አንድ ጊዜ በዚህ ገጹ፣ ገልብጣ ደግሞ በዚያኛው ገጹ በጠመኔ አሰመረችና መቀሷን አነሳች።

"አሁን ዝም በል" አለችኝ። "እያወሩበት ይጣመማል።"

ሃያ አራቱም ሱሪዎች በሁለቱም እግር ጀሶ የሚያስገቡ ሆነው አለቁ። ታናሽ ወንድማችን ገመድ ላይ ተሰጥተው ሲያያቸው የመርከብ ሸራ መስለውት ወዴት እንደምንጓዝ ጠየቀ። እኔ ግን የተወሰዱ ዕለት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ሳይ ዋልኩ።

ሲስተሯ የደወለችው በሦስተኛው ቀን ነው። መጦሪያው ውስጥ ጉልበቱ የታሰረ አለ፣ እግሩ ያበጠ አለ፣ ጎንበስ ማለት የማይችል አለ። ሰው ሳያግዛቸው በራሳቸው ሱሪ ሲያጠልቁ ለብዙዎቹ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን ነገረችን። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ለአጠባ እንኳ አላወልቅም ብለው ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ነው። ሌላ ሃያ አራት ትፈልጋለች፤ በዚያው ልክ። ክብርት ስልኩን ዘግታ "የሱቅ ሱሪ ሰውን አያውቅም" አለች፤ ከዚያ መነጽሯን ለመጥረግ ወደ ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆየች።

በማግስቱ ሻንጣዬን ተሸክሜ ሄድኩና አሥራ አንዱንም ሱሪ ፊቷ አፈሰስኩ። ውሸቴን ነገርኳት። አልገረማትም።

"አውቃለሁ" አለች። "ይህን ያህል ዓመት የተተኛበት ጨርቅ አይደበዝዝም? በል ያንን አረንጓዴውን ልበሰው።"

ለበስኩት። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቁጢጥ አልኩ፤ ጉልበቴ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሰማን። ብስክሌት ወጣሁ። ተንበረከክሁ፤ እንደተንበረከክሁም ትንሽ ቆየሁ፣ ያዘገየሁት ምስጋና ነበረብኝና። ስነሳ ወገቤን በመዳፏ መታ አደረገች።

"አሁን እርሳው።"

"አልረሳውም፣ እትዬ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ መቀሱ ዘረጋች።

"እንግዲያው አንድ ቦታ ይዞሃል። አውልቅ፣ ልተርትረው።"