ሴትዮዋ ትጨርስ

ለመሆኑ በእናንተ ሰፈር አዋሃጅ አለ? ሁለት ነገር ለየብቻው ሲኖር ካየ እንቅልፍ የማይወስደውን ሰው ማለቴ ነው። የእኔው፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። ፓስታ በተልባ የሚበላ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ዘንድሮ ደግሞ የኮሪያን ባህላዊ ዘፈን ከማሲንቆ ጋር አጋብቼ የዳንስ ምት እጨምርበታለሁ ብሎ፣ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ አዝማሪ ከአይከል አስመጣ።

እኔም ባለሁበት፣ እቤቱ ውስጥ የኮሪያውን ቀረጻ ከፈተው። አንዲት ሴት ድምጿን እንደ ተራራ ጉም እየሳበች ታንጎራጉራለች፤ ከበሮው አልፎ አልፎ ብቻ ጠብ ይላል። ክፍሉ ቀስ ብሎ ከመሬት የተነሳ መሰለኝ። አያ ደሴ ግን ማሲንቋቸውን ታቅፈው ያዳምጣሉ።

"ምነው አያ ደሴ? ይግቡ እንጂ" አለ ጎረቤቴ።

"ግጥም እየሰጠችኝ በላይዋ ልዝፈን? ትጨርስና እቀበላታለሁ።"

"ቀረጻ እኮ ነው፤ አትሰማዎትም።"

"ባትሰማስ? ነውር ነውር ነው።"

ስትጨርስ ተቀበሏት። ቃሏን ባያውቁም ዜማዋን በማሲንቆ አንድ በአንድ መለሱላት። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ የምታዳምጥ መስሎኝ ዞር ብዬ ማየቴን አልደብቃችሁም።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ያለቀለትን ሥራ አሰማን። በመሃል የነበረውን ዝምታ "ባዶ ነው" ብሎ ቆርጦ ጥሎታል፤ ሴትዮዋም፣ ማሲንቆውም፣ ምቱም ባንድ ላይ ይጮኻሉ። አያ ደሴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት።

"ሸጋ ነው" አሉ። "ሁሉም ይዘፍናል። ሰሚው የታል?"