የአሶሳ የቀን እንቅልፍ

እናንተ፣ ሰው ሃምሳ ሊሞላው ሲል እንቅልፉ የት ነው የሚሄደው? እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ። ሆርሞን ማለት በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ነው፣ ሲመሽ ተኛ፣ ሲነጋ ተነስ ይላል እያልኩ ሳስተምር እውላለሁ። የኔዎቹ መልእክተኞች ግን የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረ ወዲህ ግራ ተጋብተዋል። ገና ጋደም ከማለቴ ከደረቴ የሚነሳ ሙቀት ፊቴን ያነደዋል። በዚያ ላይ የአሶሳ የመጋቢት ሙቀት አለ። በዚያ ላይ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈተና ሳርም ማታ ማታ ሦስት ስኒ ቡና እጠጣለሁ።

እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለአሶሳ ሰጠሁት። ጥፋተኛ ማግኘት ደስ ይላል አይደል? ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱ ውስጥ ብመለስ እንደ ልጅነቴ ድብን ብዬ የምተኛ መስሎኝ ዝውውር ጠየቅኩ። ስድስት ዓመት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። የቀረኝ አንድ ፊርማ ነበር፤ ሐሙስ፣ ትምህርት ቢሮው ሳይዘጋ፣ ራሴ ቀርቤ። ካልፈረምኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልኩ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የምሥራቹን ልነግራት ጎረቤቴ ሐዋ ዘንድ ገባሁ። ሐዋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ የበርታ ሴት ናት። ወንድ ሴት ሳትል ሁላችንንም «አንተ» ነው የምትለን፤ እኔ በርታኛ ብሞክር ግን ከዚያ የባሰ ጉድ ይሰማል። የማሽላ ገንፎ በባሚያ አበላችኝ። ቡና ስጠይቃት ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ ሰጠችኝ። እነሱ ቤት ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁሉም ጋደም ይላል፤ ሱቁም ይዘጋል፣ ወሬም ይቆማል። እኔ ደግሞ ቀን መተኛት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስግደረደር አይታ ማንጎው ሥር ያለውን የገመድ አልጋ አሳየችኝ።

«አስተማሪ፣ አንተ እንቅልፍ ማታ ትጠብቃለህ፤ ቀን ሲመጣ ታባርረዋለህ» አለችኝ።

ለአምስት ደቂቃ ብዬ ጋደም አልኩ። በቅጠሉ መሃል ብርሃኑ ይርገበገባል። ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ከዚያ የባጃጅ መሆኑ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ነኝ። ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብስ ላይ ሌላ ብርድ ልብስ ደርቤያለሁ። እግሬ በረዶ ሆኗል። ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ የጣራ እንጨት እቆጥራለሁ። በሕልሜም እንቅልፍ አጣሁ፣ ጉድ እኮ ነው! ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ፣ እያለቀስኩ፣ ወደ አሶሳ መልሱኝ እላለሁ።

ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ቢሮው ተዘግቷል። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ማንጎ ሥር አለፈኝ፤ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ሄድኩ። ኃላፊው ደግ ሰው ነው። ቦታው ገና እንዳልተያዘ፣ የቀረሁበትን በቂ ምክንያት ከጻፍኩ እንደሚያስፈርመኝ ነገረኝና ወረቀት አቀበለኝ። ማመልከቻዬ ፊቱ ተዘርግቷል። የዝውውር ምክንያት በሚለው ቦታ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «እንቅልፍ ማጣት» ይላል።

አሰብኩ፣ አሰብኩ። ከዚያ የቀረሁበትን ምክንያት ጻፍኩ፦ «ተኝቼ ነበር።»