ግራጫው ከየት ጀመረ?

(የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ ጠዋት። ባለሙያው ለሕመምተኞች ተራ ቁጥር የሚሰጠውን ፕሮግራም የጻፈ ወጣት ነው። እትዬ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን እድፍ አይስትም። ጨርቃቸው ስክሪኑ ላይ ነው።)

ባለሙያው፦ እጅዎን ያንሱ! ስንቴ ልንገርዎ? ስክሪኔን አይወልውሉ!

እትዬ፦ አቧራ ጠጥቶ ነዋ፣ ልጄ። ድንች ይበቅልበታል።

ባለሙያው፦ ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ጠዋት እርስዎ ወለወሉት፣ ቀጥ አለ። ቁልፉን ብጫን ብጫን ቁጥር አይሰጥም። ታዲያ ማን አበላሸው?

እትዬ፦ ጨርቄ ነዋ። ደረጃውንም ስወለውል መቼም ሕንጻው ይናዳል።

ባለሙያው፦ ይቀልዱ! በአራት ሰዓት ሥራ አስኪያጇ ሊያዩት ይመጣሉ። እኔ ደብዳቤዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። (ያነባል) «ፕሮግራሙን ያበላሹት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው።»

(እትዬ ጨርቁን ቀስ ብለው አጠፉት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለባቸው። ሁለተኛው ከመጣ ባልዲውን አስረክቦ ወደ ቤት ነው።)

እትዬ፦ ልከኸዋል?

ባለሙያው፦ አሁን ልልከው ነው።

እትዬ፦ ቆይ እስቲ። ከመባረሬ በፊት ያበላሸሁትን ነገር ልወቀው። ይሄ ዝንጉርጉሩ ምንድን ነው? ሕፃን የሞነጫጨረው ይመስላል።

ባለሙያው፦ (ይስቃል) ሕፃን! ኮድ ይባላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቀለሙን የሚቀባልኝ ግን ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሰዎች ሠርተው በነጻ ለዓለም የለቀቁት።

እትዬ፦ በነጻ? ቤተሰብ የላቸውም?

ባለሙያው፦ ይሄ ለእርስዎ አይገባዎትም። ሰማያዊው ትእዛዝ ነው። አረንጓዴው ለሕመምተኛው የሚታየው ጽሑፍ ነው። ግራጫው ደግሞ ለሰው የሚተው ማስታወሻ ነው፤ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል።

እትዬ፦ ጭራሽ አያነበውም?

ባለሙያው፦ አንዲት ፊደል!

እትዬ፦ እኔ ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ቀስ በልልኝ። ሰማያዊው ይሠራል። ግራጫው ይተኛል።

ባለሙያው፦ ጎበዝ! ነገ የኔን ወንበር ይወስዳሉ።

እትዬ፦ ወንበሩንም የምወለውለው እኔው ነኝ። ታዲያ ከመሃል ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሁሉም ግራጫ የሆነው ለምንድን ነው?

ባለሙያው፦ እሱማ የመሣሪያው ብልሽት ነው። የነጻ ነገር እንዲህ ነው፣ ቀለሙ ይምታታበታል። ለሠሪዎቹም ልክ ልካቸውን ጽፌላቸዋለሁ።

እትዬ፦ ለነሱም? ዛሬ ከኮዱ በቀር ያልጻፍከው የለም። ለመሆኑ ግራጫው የሚጀምርበት ላይ ምን ይላል? ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ አንብብልኝ።

ባለሙያው፦ (ደረቱን ነፍቶ) ዛሬ ጠዋት የጨመርኳት ማስታወሻ ናት። «ከዚህ በታች ያለውን ማንም እንዳይነካ! የጻፈው ዋና ባለሙያ ነው።»

እትዬ፦ ማሽኑ ምን ያድርግ? ታዛዥ ነው፣ አልነካም።

ባለሙያው፦ ምን ማለትዎ ነው?

እትዬ፦ ማስታወሻህ የት ላይ አለቀ?

(ባለሙያው አፉን ከፈተ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ጆሮው መቅላት ጀመረ።)

ባለሙያው፦ ማስታወሻው እዚህ አለቀ የምትለዋን የመዝጊያ ምልክት... ረስቻታለሁ። ከዚያ በታች ያለውን ትእዛዝ ሁሉ ማስታወሻ ነው ብሎ...

እትዬ፦ ዘሎት አለፈ። ያ ነጻው ምስኪን ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ በቀለም ሲጮህልህ ነበር። አንተ የምትሰማው ደመወዝ ያለውን ብቻ ነው መሰለኝ።

(ምልክቷን ጨመራት። ግራጫው በአንድ ጊዜ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። ቁልፉን ተጫነ። ማተሚያው «ተራ ቁጥር 1» የሚል ወረቀት፣ ምላሱን እንደሚያወጣ ባለጌ ልጅ፣ ብቅ አደረገ። ከኮሪደሩ የሥራ አስኪያጇ ጫማ ይሰማል።)

ባለሙያው፦ (በሹክሹክታ) እትዬ፣ በሞቴ! ደብዳቤውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።

እትዬ፦ ምን በወጣው! የተደከመበት ነው። «ያበላሹት» ያልከውን «ያስተካከሉት» በለውና ላከው።

ባለሙያው፦ ግርጌው ላይ እኮ የኔ ፊርማ አለ... «ዋና ባለሙያ» ይላል።

እትዬ፦ (ባልዲያቸውን እያነሱ) እሱን ግራጫ ቀባው።