የማትዝግ ማኪና

ጤነኛ ሆነህ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘህ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ። ታመህ ስትቀመጥ ሁሉም ይጠይቅሃል። ድነህ ስትቀመጥ ግን ዘበኛው ሳይቀር «እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?» ይልሃል። ሐኪም ቤት ስልህ የሰው እንዳይመስልህ፤ የማኪና ነው። ታማሚዋም የእኔ ካምዮን ናት። ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቀጠሮ ካለህ ሂድ። እኔ ቀጠሮ የለኝም።

የወሎ ሰው ነኝ። አስመራ የመጣሁት አንድ ጆንያ በርበሬ ተሸክሜ ነው። በርበሬው ጨው ሆነ፣ ጨው ካምዮን ሆነ፣ ካምዮኗ ፓራዲዞ ሰፈር ቤት ሠራችልኝ። ከምጽዋ ጨው እያወጣሁ እዚህ መሸጥ ነው ሥራዬ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ ያገሬ ሰዎች። እውነት ነው፣ ይጣፍጣል። ግን ጨው ብረትም እንደሚበላ የነገረኝ የለም። መጀመሪያ የጎማውን ጭቃ የሚከላከለውን ፓራፋንጎ በላ። ቀጥሎ ወለሉን። ኋላ ሁሉን የሚሸከመውን ሻንሲ ጀመረው። ሻንሲ ማለት ለማኪና አከርካሪ ነው። አከርካሪ ከተበላ ሌላው ምን ዋጋ አለው?

እኔ መቁጠር እወዳለሁ። ከቤቴ እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ስንት በር እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ከሞተች ወዲህ ደግሞ የምቆጥረው በዛ። ሴቷ ልጄ ደሴ ተድራለች፤ ወንዱ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ቤቴ አራት ክፍል ናት። በአንዱ እተኛለሁ፤ ሦስቱ ለማን እንደሚጠረጉ አላውቅም። በቀን ስሜን የሚጠራ ሰውም እቆጥራለሁ። «እንዴት አደሩ» አይቆጠርም፣ እሱ ለማንም ይባላል። «ሰይድ» ያለኝን ብቻ ነው የምቆጥረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድም የማይሞላበት ሳምንት አለ።

ሻሂ ቤት ሂድ ትለኝ ይሆናል። እሄዳለሁ። ግን ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የየቢሮው ወረቀት ሁሉ አማርኛ ከሆነ ወዲህ፣ የእኔ አማርኛ አንድ ነገር አመጣብኝ። ስገባ ወሬ ይቆማል። ክፉ አይናገሩኝም። «ኮፍ በሉ» ብለው ወንበር ይለቁልኛል፣ እንድቀመጥ። ከዚያ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ ስለ ዝናብ የተወራለት ሰው ያለ አይመስለኝም። የመንግሥት ጆሮ መስያቸው ነው። እኔ ለመንግሥት የማውሰው ጆሮ ከየት አምጥቼ! ካሉኝም ሁለቱ አንዱ አይሰማም።

ወሬ የማይቆምበት አንድ ቤት ነበረኝ። ዓባ ሻውል ሰፈር ውስጥ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣ የላሜራ ሠራተኛው የገብረዝጊ ጋራዥ። እዚያ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይጮሃል። መዶሻ በሚጮህበት ቦታ ደግሞ ድምፁን የሚቀንስ የለም። ሁሉም እየጮኸ ያወራል፤ እኔም በደህናው ጆሮዬ እሰማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካምዮኗን እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ እሱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፣ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፣ ይቀባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎኑ ተበልቶ ይገኛል።

እንዴት እንደተዋወቅን ልንገርህ፤ እሱን ካልሰማህ ሌላው አይገባህም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከካምዮኗ ሥር ገብቶ ተጋደመና «መሪታ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ትግርኛዬ ገና ነው። «አምርታለች» ያለኝ መሰለኝ። ባገሬ «አመረተ» ከተባልክ ደግ ነገር ነው። «አልሐምዱሊላህ! ዘንድሮ ጥሩ አስገብታለች» አልኩት። ለካ በትግርኛ መረተ ማለት ዛገ ማለት ኖሯል! ሰውየው እሥሯ እንደተጋደመ ሲስቅ ግንባሩን ከሻንሲው ጋር አጋጨ። ከዚያ ወዲያ ጋራዡ በር ላይ ስደርስ መዶሻውን ያቆምና «ኣያ ሰይድ! የዘንድሮ ምርት እንዴት ነው?» ይለኛል። ያለው ሁሉ ይስቃል።

እኔም ዝም አልልም። ገብረዝጊ ማለት የጌታ አገልጋይ መሆኑን አውቃለሁ። «ለእኔ ግን የዝገት አገልጋይ ነህ። ዝገት ባይኖር ማን ያበላህ ነበር?» እለዋለሁ። «ዝገት ባይኖር አንተን ማን ይሰድብህ ነበር?» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንት ዓመት።

ታዲያ ብልጥነት ክፉ ነው። አንድ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ ባልዲዬን አየሁት። ያ ባልዲ ዘይነባ በሙሽርነቷ የገዛችው ነው። ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጨዋማ እጄን እታጠብበታለሁ። አንዲት የዝገት ነጥብ የለችበትም! ለምን? ዚንጎ የሚሉትን ዚንክ ስለጠጣ ነዋ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ሽማግሌ ጣልያን አለ፤ ቧንቧና ባልዲ ቀልጦ በሚፈላ ዚንጎ ውስጥ እየነከረ ያወጣል። ባልዲ ከዳነ ካምዮን የማይድነው በየትኛው ፍርድ ነው አልኩ።

ጣልያኑን ጠየቅሁት። ብረት ብረት ነው አለኝ። ገብረዝጊን ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ እውነቴን መሆኑን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። «ሻንሲው ይችላል፣ ወፍራም ነው» አለ። «ቀጭኑ ላሜራ ግን በዚያ ሙቀት እንደ ቂጣ ይጠቀለላል። ላይኛዋን በአንቲሩጅ፣ በዝገት መከላከያው ቀለም፣ እንቀባት። ፓራፋንጎውንና ወለሉን በወፍራም ብረት ልሥራልህና እነሱ ይነከሩ።»

ፈታትተን አጥንቷን አወጣናት። የጣልያኑ ሠራተኞች አሮጌውን ቀለምና ዝገት በአሲድ አጠቡት። ሻንሲው ውስጡ ክፍት ነው፤ አየር ወይ ውሃ ታፍኖ ከቀረበት የቀለጠው ዚንጎ ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል አሉ። ስለዚህ መበሳት ነበረበት። ማን በሳው? ገብረዝጊ ራሱ። የገዛ እንጀራውን ሲበሳ ቆሜ «እዚህም ጨምርበት» እለው ነበር። የማንን ቅዳሜ እንደማስበሳ ግን አልታየኝም።

ሻንሲው ከገንዳው ረዘመ። ግማሹን ነከሩት፣ ገለበጡት፣ ሌላውን ግማሽ ነከሩት። ነጭ ጭስ ተነሣ፤ ብረቱ እንደ ድመት ፊሽ አለ። ሲወጣ፣ ወላሂ፣ ውርጭ የወደቀበት መስታወት ይመስላል፤ አበባ አበባ ጥሎበታል። ገጣጥመናት ዓባ ሻውል ስንገባ ሕዝቡ ሁሉ ወጣ። «ኣያ ሰይድ፣ ውሃ ልትቀዳባት ነው?» የሚለኝ አለ። «መያዣዋን የት ጣልከው?» የሚል አለ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ገብረዝጊ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እንግዲህ ቅዳሜ አትመጣም ማለት ነው» አለ።

«ተገላገልከኝ!» አልኩት። ሳቅሁ። እሱም ትንሽ ሳቀ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እስክሞት ድረስ ስንት ቅዳሜ እንዳተረፍኩ አሰላሁ። ብዙ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ የት እንደማኖረው ግን አላሰላሁም።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ካምዮኗን አጠብኩበት። የሁለተኛውን ሥሯ ገብቼ ዝገት ፈለግሁ። ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ሰበብ ፈልጌ ሄድኩ፤ «አንድ ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል» አልኩት። ገብረዝጊ ገብቶ አየ፣ አንኳኳ፣ ወጣ። «ጥዕይቲ እያ። ጤነኛ ናት፣ ምንም የላትም» አለ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ፤ የእጁ ሥራ ናት። «ተቀመጥ እንጂ ኣያ ሰይድ» አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ያለችው መቀመጫ አንዲት የአሮጌ ካምዮን ወንበር ናት፤ እሷም ማኪናው የታመመበት ሰው የሚቀመጥባት ናት። እኔ ዕድሜ ልኬን ከፍዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ በነጻ መቀመጥ አላውቅበትም። አንዱ በሩ የወለቀ ማኪና ይዞ መጣ። ተነሣሁለት።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለህ? አትስቅ። የግቢዬን በር ዘጋሁና ጨው በውሃ በጥብጬ በዚያ በባልዲ ካምዮኗን ረጨኋት። የጨው ነጋዴ ጨው ሲያባክን አስበው! ሳምንት ጠበቅሁ። ወይ ፍንክች! ዚንጎ ማለት ምን ዓይነት ጨካኝ ነገር መሰለህ።

በመጨረሻ አንድ ሰው ማይ ተመናይ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ማኪና እንደሚሸጥ ሰማሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወጣት፣ ከረባት ያሠረ። ዝውውር ደርሶት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካምዮን ያለው ሽማግሌ ለምን ትንሽ ማኪና እንደሚፈልግ አልጠየቀኝም፤ ሻጭ አይጠይቅም።

«ጋሼ፣ ዝገት የሚባል አያውቃትም» አለኝ ገና ከመድረሴ።

«ምንም?»

«በማርያም! ምጽዋ ወርዳ አታውቅም። ጋራዥ አድራ አታውቅም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ ተመለስኩ።

ልጁ ግራ ገባው። ተከተለኝ። «ዋጋው ነው ጋሼ? እንነጋገር።»

«ዋጋው አይደለም። ዝገት የላትም አልከኝ።»

«የላትም!»

«እኮ!»

ቆሞ አየኝ። እብድ ይሆን ብልጥ ብሎ ሲመዝነኝ ይታወቀኛል። እኔ ተመለስኩና ፓራፋንጎዋን በጣቴ መታ መታ አደረግኋት። ብረት ከሆነ ይጮሃል። እሷ እንደ ግድግዳ ድብ ድብ አለች፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ፣ ቀዳዳ መድፈኛው ልስን ብቻ ነው። ልቤ ሞቅ አለ።

«አይ ጋሼ፣ እሱ እንኳን ትንሽ...» አለ ላቡን እየጠረገ። ቀጥሎ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎ። ወለል የላትም። ምንጣፉን ሲያነሡት አስፋልቱ ይታያል። በሯን የያዛት ቀለሟ ነው። ሰው አታልዬ ከተማ አልለቅም፣ ይተዉት።»

«ምነው አስቀድመህ ብትነግረኝ!» አልኩትና እጁን ጨበጥኩት። ያለ ክርክር ገዛኋት። በዕድሜዬ ያለ ክርክር የገዛሁት ያንን ብቻ ነው።

ዓባ ሻውል እስክደርስ አንድ ነገር ከኋላዬ ወደቀ። አልቆምኩም። ገብረዝጊ ሲያየኝ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዋይ ኣነ! ኣያ ሰይድ፣ ይቺን ማን ሸጠልህ? እንክሰሰው!» እያለ ዞራት። ጣቱን በሯ ላይ አሳረፈ፤ ጣቱ ገባ። እጁን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ፤ እጁ ገባ። ሻንሲዋን ገብቶ አየ። ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ግድ የለም፣ እንፈታታትና ዚንጎ እናስገባታለን» አለኝ።

«ኧረ ተው!» አልኩት ቶሎ ብዬ። «አሮጌ ብረት አሲድ አይችልም።»

 የካምዮኔ ሻንሲ ከዚህች የበለጠ አሮጌ እንደነበረ እሱ ያውቃል። በእጁ የበሳው እሱ ነው። አየኝና «ሓቅኻ፣ እውነትህን ነው» አለ። «አይችልም። እንግዲያው በመዶሻ ነው፤ ቀስ እያልን።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?» አልኩት።

«አንተ ስንት ዓመት ቀረህ?» አለኝ።

«ሃያ» አልኩት። ዕድሜዬን ብታውቅ ትስቅ ነበር። ግን የነጋዴ ወግ ነው፤ ሻጭ ምንጊዜም ከላይ ነው የሚጀምረው።