ለአማቴ ጉልበት ስል የፈታሁት ማሰሪያ

ሰላምታ ሰው ይገድላል! አትሣቁ… እያጋነንሁም አይደለም። (እሺ፣ አጋንናለሁ፤ ግን በዚህ አይደለም።) ስለ ወባ፣ ስለ እባብ፣ ስለ ገዳሪፍ ሪክሻ ነጂዎች ብዙ ማስጠንቀቂያ ሰምታችኋል። «እንዴት ሰነበታችሁ ከማለት ተጠንቀቁ» ያላችሁ ግን አለ? የለም። እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ፤ በሰላምታ ምክንያት ከተራራ ላይ በብብቴ ተንጠልጥዬ የወረድሁ ሰው ነኝና ጉዳዩ ይመለከተኛል።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የምንኖር የጎንደር ልጆች ሰላምታችን ድርብ ነው። የአገራችንን አልተውንም፣ የሱዳኑንም ወስደናል። ሁለት ሰዎች ገበያ መሀል ሲገናኙ መጀመሪያ በዐረብኛ «ኬፍ? ተማም? ኩሉ ተማም?» ይባባላሉ። ያ ሲያልቅ እንደ አዲስ በአማርኛ ይጀመራል። «ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» ከብት የለኝም! ከብት እንደሌለኝ ጠያቂውም ያውቃል። ቢሆንም ይጠይቀኛል፣ እኔም «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናቸው» እላለሁ። አንድ ቀን የከሰላ አውቶቡስ ዓይኔ እያየ ጥሎኝ የሄደው ስለሌሉት ከብቶቼ ደህንነት ስመሰክር ነው።

ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። የሎሪ ሸራ በሉት፣ የድንኳን በሉት፣ ገዳሪፍ ውስጥ የተቀደደ ነገር ሁሉ እኔ ሱቅ ይመጣል። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው የመጨረሻ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ያኔ ሰማዩን ቀና ብለን የምናየው ደመና ፈርተን እንጂ ድሮን ፈርተን አልነበረም። ኻሊድ የሚባል የከተማው ሰው፣ ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ፣ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ሱቄ ገባ። ከከረጢቱ ብርቱካንማ ጨርቅ ይጎትት ጀመር… ጎተተ፣ ጎተተ፣ ሱቁ ሞልቶ ጨርቁ መንገድ ላይ ወጣ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ የሠርግ ድንኳን ነው?» አልሁት።

«ፓራግላይደር ነው። ተራራ ላይ ይዘኸው ትሮጣለህ፣ ትበራለህ።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተር የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያበርረው?»

«ሀዋ!» አለኝ፤ ነፋሱ ማለቱ ነው።

የሎሪ ሸራ የምሰፋበትን ወፍራም መርፌ ቅዳጁን ልሰፋ ሳነሣ ኻሊድ እንደሚታረድ ሰው ጮኸ። ለካስ ይህ ጨርቅ በመርፌ አይነካም። የራሱ ማጣበቂያ አለው። ቀኑን ሙሉ ስለጥፍ ዋልሁ። ማታ ሊወስደው ሲመጣ እጄን ሳይሆን ዓይኔን አየና «መብረር ትፈልጋለህ፣ አይደል?» አለኝ። ዓይን መደበቅ አልችልበትም። በሳምንቱ ተማሪው ሆንሁ።

ኻሊድ ወደ ባሱንዳ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሸንተረር መርጧል። ፈቃድ ልንጠይቅ የአካባቢው አስተዳደር ቢሮ ሄድን። ሹሙ ከረጢቱን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገና ጠየቀ።

«ታርጋው የታለ?»

«ሞተር ስለሌለው ታርጋ የለውም» አለ ኻሊድ።

«ሞተር ከሌለው መኪና አይደለም። አውሮፕላንም አይደለም። እንስሳ ነው?»

«አይደለም።»

ሹሙ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠው። «እንግዲህ እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሌለ ነገር ደግሞ መከልከል አልችልም። ኸላስ፣ በቃ ሂዱ!»

እንዲህ ነው የሌለ ነገር ሆነን በሕግ መብረር የጀመርነው። ጀመርን ስላችሁ ደግሞ ወዲያው ወደ ሰማይ የወጣን እንዳይመስላችሁ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ የተማርሁት መቀመጥ ነው። ነፋሱ ከበረታ ተቀመጥ። ከኋላ ከመጣ ተቀመጥ። ደመናው ከጠቆረ ተቀመጥ። ከተጠራጠርህ ተቀመጥ፤ ካልተጠራጠርህም ለምን እንዳልተጠራጠርህ እስክታውቅ ድረስ ተቀመጥ! መቀመጡ የሚያስመርር ሰው፣ አለ ኻሊድ፣ ዕድሜው ያጥራል። ትንንሽ ጉብታዎች ላይ እየተንደረደርሁ አንዳንዴ የሰው ቁመት ያህል ስነሣ ግን መቀመጡን ሁሉ እረሳው ነበር።

ከሕጉ ሁሉ የጠበቀው ስለ መታጠቅ ነው። ከሸራው ጋር የሚያገናኘን መቀመጫ ያለው መታጠቂያ አለ። አስተጣጠቁም ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የሁለቱ እግሮች ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የደረቱ፣ መጨረሻ ሄልሜት።

«መሀል ላይ ሰው ካናገረህ አትመልስለት» አለኝ ኻሊድ። «ከመለስህለት ደግሞ እንደገና ከእግር ጀምር። ወላሂ፣ ንጉሥ ቢሆን!»

«ለምን?»

«የእግሩን ማሰሪያ የረሳ ሰው መሬት ላይ ምንም አይታወቀውም። የሚታወቀው መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ነው።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ እግሬን የምረሳ ሰው እመስላለሁ?

በዚያው ሰሞን ደግሞ ለእናትነሽ ሽማግሌ ልኬ ነበር። እናትነሽ ከሱቄ ማዶ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። እወዳታለሁ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ቀልድ ነው የጻፍኋት። አባቷ አያ ጥጋቡ ባሱንዳ ካሉት ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች የአንዱ ኃላፊ ናቸው። ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ በር ላይ አቁመው፣ በሦስተኛው «ለዓርብ መልስ እሰጣለሁ» ብለዋል። እሳቸው እምቢ ካሉ ነገሩ አከተመ ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት እናትነሽ ደወለችልኝ።

«አስማረ፣ አቡይ ሰምተዋል!» አለች አባቷን።

«ምኑን?»

«ከገደል እንደምትዘል ነዋ! "ደፋር ይሁን እብድ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ" አሉ። ነገ ሊመጡ ነው። ወላሂ እንዳታሳፍረኝ!»

«አላሳፍርሽም» አልኋት።

ሐሙስ ጠዋት ነፋሱ ልክ ነበር። ኻሊድ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነፋስ የሚለካባትን ጨርቅ ያያል። ሸራው ከኋላዬ ተዘርግቷል። የግራ እግሬን ማሰሪያ ቀጭ! የቀኙን ቀጭ! ወደ ደረቴ እጄን ስሰድድ… ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አያ ጥጋቡ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

አሁን እናንተው ፍረዱኝ! ነገ የልጃቸውን ነገር ሊወስኑ ያሉ አባት አጠገባችሁ ቆመው «ይቅርታ፣ ታጥቄያለሁ» ይባላል? በየትኛው አገር? ታጥቄ ልሄድ ብል ሸራው ይጎትተኛል። ስለዚህ የእግሬን ማሰሪያ ፈታሁ፣ መታጠቂያውን አውልቄ መሬት ላይ ጣልሁት፣ ሮጬ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«ተነሥ! ተነሥ! ኧረ አይገባም!» አሉ። ቀኙን ስሜ ስጨርስ ግን ግራውን አቀረቡልኝ።

«እንዴት ሰነበቱ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተስ? ሥራ? ከብቱ ደህና?»

«ደህና ናቸው አያ።»

«ከዚህ ነው የምትዘለው?»

«አልዘልም አያ፣ እሮጣለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ… ታች።»

ገደሉን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔንም አዩኝ። «በል እስቲ አሳየኝ» አሉ።

መታጠቂያውን መልሼ ለበስሁ። የት ላይ ነበርሁ? እግር… እግሩን ጨርሻለሁ! ቀጭ ማለቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ስለዚህ ካቆምሁበት ቀጠልሁ፤ ደረቴን ቆለፍሁ፣ ሄልሜቴን አጠለቅሁ። የኻሊድ ሕግ ትዝ አላለኝም ብዬ አልዋሻችሁም። ትዝ ብሎኛል። ግን አያ ጥጋቡ ዱላቸውን ተደግፈው እያዩኝ ጎንበስ ብዬ እግሬን ብደባብስ «ፈራ» ይሉኝ ይሆናል ብዬ ተውሁት። ከሁለት ወር የኻሊድ ትምህርት ይልቅ የአንድ ደቂቃ «ምን ይሉኛል» በለጠብኝ።

«ጃሂዝ?» አለ ኻሊድ፤ ዝግጁ ነህ ወይ ማለቱ ነው።

«ሚያ ሚያ!» አልሁ። መቶ በመቶ!

ሮጥሁ። ሸራው ነፋስ ሞልቶ ከአናቴ በላይ ቆመ፣ እግሬ መሬቱን ለቀቀ፣ እኔም መቀመጫዬ ላይ ልደላደል ስል… መቀመጫዬ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች! ሾለክሁ። የደረቱ ቀበቶ ብብቴ ላይ ያዘኝ። ከብብት በታች ያለው አስማረ በሙሉ ባዶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ክርኖቼን ከጎኔ ጋር አጣበቅሁ፤ ክርኔ ከተነሣ ሸራው ብቻውን ይሄዳል። ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም። እናቴን በስሟ ጠራኋት።

ደረቴ ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ። «አስማረ! አስማረ! እንዴት ነህ?»

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አትንገሩ። አፌ ለምዶበት «ተማም፣ አልሐምዱሊላህ! አንተስ? ልጆቹ ደህና?» አልሁ። ደግነቱ መልሴ እንዲሰማ ሬዲዮውን መጫን ነበረብኝ፤ እጅ ስላልነበረኝ ሰላምታውን የሰማነው እኔና ከበላዬ የሚዞር አንድ አሞራ ብቻ ነን።

«ክርንህን አጥብቅ!» አለ ኻሊድ። «እጅህን እንዳታነሣ! ቀስ ብለህ ወደ ሜዳው!»

ልክ በዚያች ሰዓት ነፋሱ በሸንተረሩ ጎን አዞረኝና አያ ጥጋቡ ፊት ለፊት አለፍሁ። ጠርዙ ላይ ቆመዋል። እኔ የተንጠለጠልሁት አበራረሩ እንዲህ ስለሆነ መስሏቸው… እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ!

እጄን ባነሣ ሕይወቴ፣ ባላነሣ ሚስቴ! አባት ሰላም ብለው ዝም የሚል አማች የት ይገኛል? የእኔን ነገር ታውቁ የለም፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው መነሣት ጀመረ። አንድ ስንዝር ሾለክሁ! መልሼ ለጠፍሁት። ቀኙ እንደገና ሊነሣ ሲል አንገቴን ደፋሁና የሄልሜቴን አናት አሳየኋቸው። በኋላ እንደሰማሁት አጠገባቸው ለነበረ ገበሬ «አየኸው? ሰማይ ላይ ሆኖ እንኳ እጅ ይነሣል!» ብለው ነበር።

ከሸንተረሩ ሥር የታጨደ ሰሊጥ እንዲደርቅ በየነዶው ተደጋግፎ ቆሟል፤ እኛ ሂላ የምንለው ነው። የማን እርሻ ነው ትሉኛላችሁ? የማን ይሆናል፣ አያ ጥጋቡ የሚያስተዳድሩት ነዋ! አንዱን ሂላ በእግሬ፣ ሁለተኛውን በደረቴ፣ ሦስተኛውን በአፌ ደረመስሁት። የደረቀ ሰሊጥ እንደምታውቁት ሲነካ ይረግፋል። ጆሮዬ ሳይቀር ሰሊጥ ሞላ። ግን መሬት ነው… ጠንካራ፣ የተባረከ መሬት! ጉልበቴ ተልጧል፣ ብብቴ ይቃጠላል፣ ሌላው አካሌ ሙሉ ነው።

አያ ጥጋቡ ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ ወረዱ። ሲደርሱ ምን ላደርግ ሞከርሁ? ልነሣና ሰላም ልላቸው!

«እንዳትነሣ!» ብለው ጮኹ። «በእግዜር፣ እንዳትነሣ!»

ኻሊድም ደረሰ። ተፈትቶ የተንዘላዘለውን የእግር ማሰሪያ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቆልፈህ አልነበረም? ማን አስፈታህ?»

አያ ጥጋቡ ሠላሳ ዓመት ሱዳን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዐረብኛው አላመለጣቸውም። ማሰሪያውን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ጉልበት አዩ።

«እኔን ለመሳም ነው የፈታኸው?»

«አዎ አያ።»

ሰሊጡ ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «እናትነሽ ምን ትለኝ ነበር?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ያኔ እኔም ማልቀስ ጀመርሁ። ሰሊጥ ዓይኔ ገብቶ ነው ብያቸዋለሁ፤ ከፊሉ እውነት ነው።

ዓርብ ለሽማግሌዎቼ የሰጡት መልስ አጭር ነበር። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ግን ያንን ነገር ሲታጠቅ ጳጳስ ቢመጣ እንኳ ቀና ብሎ ላያይ ይማልልኝ!» ማልሁ። እናትነሽም በጎን ሌላ አስማለችኝ፤ ሁለት ጊዜ ከእግር እንድጀምር።

ከሠርጉ በኋላ እንደገና ወደ ሸንተረሩ ስወጣ አያ ጥጋቡ መሐላዬን አላመኑም መሰለኝ፣ ራሳቸው ተከትለውኝ መጡ። ታጠቅሁ። እግር፣ ደረት፣ ሄልሜት። ሳላቸውን ሰማሁ፤ ቀና አላልሁም። ስሜን ጠሩኝ፤ አልመለስሁም። እንዴት ያለ ጨዋ ተማሪ ወጣኝ! ከዚያ ግን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑምና በርከክ ብለው የእግሬን ማሰሪያ ይፈትሹ ጀመር። አማቴ! እግሬ ሥር! ጉልበቴን ይዘው! ቀና ብዬ ላላይ ነው እንጂ ጎንበስ ላልል አልማልሁም፤ «ኧረ በሞቴ አያ፣ አይገባም!» ብዬ ላነሣቸው ስንደፋ ሄልሜቴ ግንባራቸውን… ጓ!

ኻሊድ የአደጋ መዝገቡን አወጣ። በዚያ ሸንተረር የበረርንበት ዘመን ሁሉ ደም የፈሰሰው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም መሬት ላይ። ከዚያ ወዲህ አያ ጥጋቡ ወደ ሸንተረሩ የሚወጡት የኻሊድን ትርፍ ሄልሜት አጥልቀው ሆነ። የመንደሩ ሰው መንገድ ላይ አግኝቷቸው «አያ፣ እርስዎም መብረር ጀመሩ እንዴ?» ሲላቸው፦

«የለም፣ አማቼ ጨዋ ልጅ ነው» ይሉ ነበር።